የፊት ሥዕል በእርሳስ፦ ከአቀማመጥ እስከ መስመር

የፊት ሥዕል መበላሸት የሚጀምረው ወንበር ሲሳብ ነው። ጀማሪው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያጎነብሳል፤ እርሳሱን ጫፉ አጠገብ ጨምድዶ ይይዛል፤ ከዚያም በቀጥታ ዓይን መሣል ይጀምራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግንባሩ ወደ ላይ የተሳበ፣ ዙሪያው በአጫጭር ፀጉራም ጭረቶች የተከበበ ፊት ይወጣል። ያን ጊዜ ጥላ እየደራረበ ስሕተቱን ለመሸፈን ይሞክራል። ጥላ ግን የተሳሳተ መስመርን አያድንም፤ ይበልጥ አጥቁሮ ያሳየዋል።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሰውን ከፊት አስቀምጦ ለመሣል የታሰበ ነው። ከፎቶግራፍ ለሚሠሩም አብዛኛው ያገለግላል፤ የሚለያይበት ቦታ ላይ እጠቁማለሁ።

ዕቃ ማዘጋጀት

ሦስት እርሳስ ይበቃል፦ ኤችቢ፣ 2ቢ እና 4ቢ። በቆርቆሮ ሳጥን የተደረደሩ አሥራ ሁለት እርሳሶች ለዓይን ደስ ይላሉ፤ ጀማሪውን ግን የእጁን ክብደት መቆጣጠር ሳይማር እርሳስ ሲቀያይር ያውሉታል። በእርሳሱ ጎን ከተጻፉት የላቲን ፊደላት ኤች ጥንካሬን፣ ቢ ጥቁረትን ያመለክታል። ልዩነቱ የሚመጣው ከግራፋይቱ፣ ማለትም መስመሩን ከሚተወው ጥቁር ማዕድን፣ ጋር ከተቀላቀለው ሸክላ ነው፤ ፈረንሳዊው ኒኮላ ዣክ ኮንቴ በ1795 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የግራፋይት ዱቄትን ከሸክላ ጋር አዋሕዶ የመጋገርን ዘዴ ካስመዘገበ ወዲህ እርሳስ በዚሁ መንገድ ይሠራል። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይገረጣል። ስለዚህ ኤችቢን እየተጫኑ እንደ 4ቢ ለማጥቆር አይድከሙ፤ ወረቀቱ ይቦረቦራል እንጂ መስመሩ አይጠቁርም።

ለልምምድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጥሩ ነው። ለዋናው ሥዕል በካሬ ሜትር 150 ግራም ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ሲዳሰስ ትንሽ የሚሻክር የሥዕል ወረቀት ይፈልጉ፤ የሚያንጸባርቅ ልሙጥ ወረቀት ግራፋይቱን አይዝም። መጠኑ ኤ3 ቢሆን እመርጣለሁ። በኤ4 ላይ የሚሠራ ሰው ሳያውቀው በጣቱ ብቻ መሣል ይጀምራል፤ ይህ መመሪያ የሚሸሸውም በዋናነት ያንን ነው።

እርሳሱን በመቅረጫ ብቻ አይቅረጹ። በምላጭ ወይም በካተር እንጨቱን ቀስ እያሉ ገፈው ግራፋይቱ ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፤ ከዚያ አናጢ እንጨት በሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት ላይ እያሽከረከሩ ያሹሉት። እንዲህ የተቀረጸ እርሳስ በጫፉ ስስ መስመር፣ በጎኑ ደግሞ ሰፊና ለስላሳ መስመር ይሰጣል። የመቅረጫው አጭር ጫፍ ሁለተኛውን አይችልም። ላጲስ ሁለት ዓይነት ቢኖር መልካም ነው፦ አንዱ ነጩ፣ ጫፉ በምላጭ በሰያፍ የተቆረጠ፤ ሌላው በእጅ የሚለወሰው ግራጫው፣ ሳይፈትጉ በመጫን ብቻ ጥቁረትን የሚቀንስልዎት።

1. ወንበርና ሰሌዳ

ከወረቀቱ ትንሽ የሚበልጥ ኮምፔንሳቶ አስቆርጠው ጠርዙን በሸካራ ወረቀት ያለስልሱ። ይህ ሰሌዳዎ ነው። ወረቀቱን በአራቱም ማዕዘን በወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ የእንጨቱ ጭረት በሥዕሉ ላይ እንዳይወጣ ከሥሩ ሁለት ሦስት ሌላ ወረቀት ይደርቡ።

የሰሌዳውን ታችኛ ጠርዝ ጭንዎ ላይ፣ ላይኛውን ክፍል ደግሞ ከፊትዎ ባለው ሌላ ወንበር መደገፊያ ላይ ያስደግፉት። መቆም አለበት ማለት ይቻላል፤ ወደ ኋላ ጥቂት ብቻ ያዘንብል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ከተዘረጋ ላይኛው ጫፉ ከዓይንዎ ይርቃል፤ የራቀው ነገር ደግሞ አጥሮ ይታያል። እጅዎ ያጠረውን ለማካካስ ግንባሩንና ፀጉሩን ሳያስቡት ያስረዝማል። ሥዕሉ ተጎንብሰው ሲያዩት ትክክል ይመስላል፤ ግድግዳ ላይ ሲያቆሙት ግን ራስ ቅሉ የተለጠጠ ሰው ሆኖ ያገኙታል። መፈተኛው ይኸውና፦ ሳይንቀሳቀሱ የወረቀቱን ላይኛና ታችኛ ጠርዝ ያስተያዩ። ላይኛው አጥሮ ከታየዎት ሰሌዳውን ገና ቀና ያድርጉት።

ርቀቱ ክንድዎ ጥቂት ታጥፎ እርሳሱ የወረቀቱን መሐል የሚነካበት ያህል ይሁን። ከዚህ ከቀረቡ የሚታየዎት ዓይን ወይም አፍንጫ ብቻ ነው፤ ሙሉው ፊት ያመልጥዎታል። እግሮችዎ መሬት ይርገጡ፣ ትከሻዎ ይውረድ። ትከሻው ወደ ጆሮ የተሰቀለ ሠዓሊ መስመሩም የተሰቀለ ነው፤ ልብ ብለው ካዩ ከሥዕሉ ላይ ያነቡታል።

የሚሣለው ሰው ከእርስዎ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ዓይኖቹ ከዓይንዎ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ። በቀኝ እጅዎ የሚሣሉ ከሆነ ሰውየው ከሰሌዳው በስተግራ በኩል ይታይዎት፤ በግራ የሚሣሉ ከሆነ በስተቀኝ። እንዲህ ሲሆን የገዛ ክንድዎ አይከልልዎትም፤ ከፊቱ ወደ ወረቀቱ ለመመለስም አንገት ማዞር ሳያስፈልግ ዓይን ማዞር ይበቃል። በዚህች ትንሽ ልዩነት ብዙ ይተርፋል፦ አንገት በዞረ ቁጥር ያዩት ቅርጽ ከአእምሮ ይጠፋል፣ በምትኩም ከልማድ የሚያውቁት «ዓይን»፣ «አፍንጫ» ይገባል።

ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ይምጣ። ሰውየውን በመስኮት አጠገብ በጎን ማስቀመጥ በጣሪያ ላይ ካለ አምፑል በብዙ ይሻላል፤ ሁለትና ሦስት መብራት ካለ የአፍንጫው ጥላ በሁለትና በሦስት አቅጣጫ ይወድቅና መስመሩን የት እንደሚያጠቁሩ ይጠፋብዎታል።

ሃያ ደቂቃ ሠርተው አምስት ደቂቃ ማረፍ የተለመደ ልክ ነው። የወንበሩን እግሮች ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ የተቀመጠው ሰውም ግድግዳው ላይ የሚያየውን አንድ ነገር ያስታውስ። አያትዎን ወይም ሌላ በዕድሜ የገፉ ሰው ከሆነ የሚሥሉት ዕረፍቱን ያብዙ፤ አብዛኞቹ «ምንም አልደከመኝም ልጄ» ብለው ዝም ይላሉ፣ አንገታቸው ግን ቀስ በቀስ ወደ ደረታቸው ይወርዳል፣ ከሥዕሉም ጋር አይገጥምም።

ከፎቶግራፍ የሚሠሩ ከሆነ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አያጋድሙት። ከሰሌዳው ጎን፣ በሰሌዳው ዘንበል ልክ ያቁሙት። ፎቶውን ራስዎ የሚያነሡ ከሆነም ወደ ሁለት ሜትር ራቅ ብለው በማቅረቢያው አቅርበው ያንሡ። ከቅርብ በስልክ የተነሣ ፊት አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹም ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ የሰዓታት ድካም ይህን ስሕተት በታማኝነት ለመገልበጥ መዋሉ ያሳዝናል።

2. የእርሳስ አያያዝ

ሁለት አያያዝ ይልመዱ። የመጀመሪያው ለረጅም መስመርና ለመነሻው ንድፍ ነው። እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙትና ከላይ በአውራ ጣትና በቀሪዎቹ ጣቶች አንሡት፤ እርሳሱ ከመዳፍዎ ሥር ይሆናል፣ ጎኑም ወረቀቱን ይነካል። የትንሿ ጣት ጥፍር ብቻ ወረቀቱን እየዳሰሰች ትንሸራተት። በዚህ አያያዝ ጣቶች መንቀሳቀስ አይችሉም፤ መስመሩ የግድ ከክርንና ከትከሻ ይመጣል። መጀመሪያ እጅ አይታዘዝም። ይታዘዛል።

ሁለተኛው እንደምንጽፍበት ያለው ነው፤ ነገር ግን ከጫፉ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብለው ይያዙ። ይህ ለዓይን ቆብ፣ ለአፍንጫ ቀዳዳ፣ ለከንፈር መጋጠሚያ ብቻ ነው። የእጅ አንጓ ሲሽከረከር የሚያወጣው ቅስት ትንሽ ነው፤ በአንጓ ብቻ መንጋጋ ለመሣል የሞከረ ሰው ቅስቱ ስለሚያልቅበት እየቆረጠ ይቀጥላል። ፀጉራሙ መስመር የሚወለደው ከዚያ ነው።

3. እጅ ማሟሟቅ

ከእያንዳንዱ ሥዕል በፊት ትርፍ ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጥፈው ጥቂት ደቂቃ ይሥሩ። ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል የተራራቁ ሁለት ነጥቦች ያስቀምጡ። እርሳሱን ሳያስነኩ በአየር ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሱ፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ይሳቡት። ዓይንዎ መድረሻው ነጥብ ላይ እንጂ እርሳሱ ጫፍ ላይ አይሁን። ከሳቱት አያርሙት፤ ከጎኑ ሌላ ይሣሉ።

ቀጥሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተከፈቱ ሰፋፊ ቅስቶች። መንጋጋ፣ ጉንጭ፣ ማጅራት ሁሉም የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። በመጨረሻም ጠቁሮ ተነሥቶ እየሳሳ የሚጠፋ መስመር፣ ቀጥሎም ሳስቶ ተነሥቶ መሐሉ ላይ ጠቁሮ እንደገና የሚሳሳ። ከሦስቱ ይህኛው ከባዱ ነው፣ በስድስተኛው ደረጃ የምናወራው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው።

4. የመጀመሪያዎቹ መስመሮች

በ2ቢ ጎን፣ አንድ የላጲስ ማለፍ በሚያጠፋው ቅለት ይሥሩ። የፀጉሩን ጫፍና የአገጩን ሥር በሁለት አጫጭር ምልክቶች ይወስኑ። አሁን ሥዕሉ ከወረቀቱ አይወጣም።

ከዚያ ዘንበሉን ይፈልጉ። ጭንቅላት ወዴት ያዘነብላል? አንገት ከደረት ተነሥቶ ወደ ፊት ሰገግ ብሎ ነው ጭንቅላትን የሚሸከመው፤ ጀማሪ ግን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ ይተክለዋል። አንድ መስመር ለጭንቅላቱ ዘንበል፣ አንድ ለአንገት፣ አንድ ከትከሻ ትከሻ ይሳቡ። እነዚህ ሦስት መስመሮች ከተገጣጠሙ ገና ዓይንና አፍ ሳይኖር የሚያውቅ ሰው ሲያየው «እገሌ ነው» ይላል። ሰውን ከሩቅ በጀርባው የምናውቀው በዚሁ አይደል?

የፊቱን ዙሪያ አሁን በቀጥታ መስመሮች ብቻ ይክበቡ፤ ከፀጉር ወደ ጉንጭ አጥንት አንድ፣ ከጉንጭ ወደ መንጋጋ መታጠፊያ አንድ፣ ከዚያ ወደ አገጭ አንድ። ለምን ቀጥታ? የቀጥታ መስመርን ዘንበል እርሳስን ከፊቱ አንጻር ይዞ ማመሳከር ይቻላል፤ ቅስትን ግን ማመሳከር አስቸጋሪ ነው። ማለስለሱ በኋላ ይመጣል።

5. መለካት

ክንድዎን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው፣ አንድ ዓይን ጨፍነው፣ እርሳሱን ቀጥ አድርገው ይያዙ። ጫፉ የፀጉሩ ጫፍ ላይ፣ አውራ ጣትዎ አገጩ ላይ ይሁን። ክርኑ በታጠፈ ቁጥር ልኩ ይለወጣልና ሁልጊዜ ክንድ ይዘርጋ።

የተለመዱት መነሻ ልኮች እነዚህ ናቸው። ቀና ብሎ በሚያይ አዋቂ ሰው የዓይኖች መስመር ከራስ ቅሉ ጫፍ እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ ላይ ይውላል፤ ጀማሪዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ላይ ያወጡታል። ከፀጉር መነሻ እስከ ቅንድብ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ አገጭ ሦስት ተቀራራቢ ክፍሎች ናቸው። በሁለቱ ዓይኖች መሐል አንድ ዓይን ያህል ክፍተት አለ። ጆሮ በቅንድብና በአፍንጫ ሥር መካከል ይቀመጣል። በሕፃን ዓይኖቹ ከእኩሌታው ዝቅ ይላሉ። ሰውየው ወደ ታች ካቀረቀረ የዓይኖቹ መስመር ወደ ታች ይቀሰታል፣ ጆሮዎቹም ከዓይኖቹ በላይ የወጡ ይመስላሉ።

እነዚህ የአማካይ ሰው ልኮች ናቸው፤ አማካይ ሰው ደግሞ ከፊትዎ ተቀምጦ አያውቅም። ልኩን የሚያስታውሱት የተቀመጠው ሰው ከእሱ የሚለይበትን ለማየት ነው። አፍንጫው ከሢሶው በምን ያህል ረዘመ? የላይኛው ከንፈር ለአፍንጫው ምን ያህል ቀረበ? መመሳሰል የሚመጣው በአካላቱ መካከል ካለው ክፍተት ነው፤ ዓይኑ ፍጹም ተሥሎ በሦስት ሚሊ ሜትር ቦታውን ከሳተ ሥዕሉ የሌላ ሰው ይሆናል።

6. የመስመር ክብደት

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ መስመር የበላይ ነው። ቅርጹ በጥቁር ይከበባል፣ ውስጡ በቀለም ይሞላል፣ ውፍረቱም ከዳር እስከ ዳር እምብዛም አይለወጥም። ያ ለዚያ ሥዕል ተገቢ ነው፤ የእርሳስ ፖርትሬት (የፊት ሥዕል) ግን ቀለም የለውም፣ ስለዚህ መስመሩ ራሱ ብርሃንንና ክብደትን መናገር አለበት። ፊቱን በአንድ ውፍረት ከከበቡት ከካርቶን ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

መስመሩ የሚጠቁርባቸው ቦታዎች፦ በጥላው በኩል ያለው የመንጋጋ ሥር፤ አንዱ ቅርጽ ሌላውን የሚሸፍንበት ቦታ፣ ለምሳሌ አገጭ አንገትን፣ ፀጉር ግንባርን፤ ክብደት ያረፈበት ቦታ፣ ለምሳሌ የሻሽ ወይም የኮሌታ ጠርዝ አንገትን የሚጫንበት። የሚሳሳው ብርሃን በወደቀበት ጉንጭና ግንባር ላይ ነው። ብርሃኑ በጣም በበረታበት ጭራሽ ይጥፋ፤ ከአምስት ሳንቲ ሜትር በኋላ እንደገና ይነሣ። ክፍተቱን የተመልካች ዓይን ይሞላዋል። ጀማሪ ይህን ክፍተት ይፈራል፤ «አልጨረስኩትም» ይላል። አንድ ጊዜ ደፍረው ይተዉት።

በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የሚያስተምረኝ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣን ኦጉስት ዶሚኒክ አንግር ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሮም ይኖር በነበረበት ጊዜ ለሚጎበኙ እንግዶች የእርሳስ ፖርትሬት እየሠራ ይተዳደር ነበር። በ1819 የሣለውን የቫዮሊን ተጫዋቹን የኒኮሎ ፓጋኒኒን ሥዕል ይመልከቱ፦ ፊቱ በጥንቃቄ በስስ ጥላ ተሠርቷል፤ ልብሱ ግን በነጻ፣ ፈጣን መስመር ታልፏል። የልብሱ ቅለት ዓይንን ወደ ፊቱ ይመልሳል። ሁሉንም እኩል የሚጨርስ ሠዓሊ ይህን መሣሪያ ይጥላል።

ይህን በኛ አልባሳት ላይ መሞከር ያስደስታል። እናትዎ ነጠላ ለብሰው ቢቀመጡ እጥፋቶቹን ሁሉ አይቁጠሩ። ነጠላው ከተንጠለጠለበት ከትከሻ ወይም ከራስ ይጀምሩ፤ እጥፋት የሚነሣው ከዚያ ነው፣ ወደ ታችም እየተበተነ ይሳሳል። ሦስት አራት ረጃጅም መስመር ይበቃል። ጥለቱን መጨረሻ ላይ ያስገቡ፣ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይም ይሰበር። ሳይሰበር በቀጥታ የተሠራ ጥለት ጨርቁን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ያደርገዋል።

7. ጥላ በጭረት

መጀመሪያ የጥላውን ድንበር በስስ መስመር ይለዩ፤ ከቅንድብ አጥንት ሥር፣ በአፍንጫው ጎን፣ ከታችኛው ከንፈር በታች፣ በአገጭ ሥር። ከዚያ ድንበሩን በተቀራረቡ ትይዩ ጭረቶች ይሙሉ። የጭረቱ አቅጣጫ የቅርጹን መታጠፍ ይከተል፤ ጉንጭ ላይ ከጆሮ ወደ አፍ እንደሚዞረው፣ አንገት ላይ እንደ ዙሪያው። ሁለተኛ ንብርብር ሲጨምሩ በጠባብ ማዕዘን ያቋርጡት። በቀጤ ማዕዘን (በ90 ዲግሪ) የተቋረጠ ጭረት የወንፊት መልክ ይይዛል፣ ቆዳ አይመስልም።

በጣት ማሸት የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክርም። የጣት ቅባት ወረቀቱ ላይ ይቀርና በኋላ ላጲስ የማያስለቅቀው ቆሻሻ ይሆናል፣ መስመሩም ይሞታል። ከእጅዎ ሥር ንጹሕ ወረቀት ያድርጉ።

ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ሲሥሉ ፊቱን ሁሉ በ4ቢ አይሸፍኑት። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን በጠራ ነጸብራቅ ይመልሳል፤ ግንባር፣ የአፍንጫ ሸንተረር፣ ጉንጭ አጥንትና የታችኛው ከንፈር ላይ ያለውን ነጸብራቅ ከመጀመሪያው ሳይነኩ ያቆዩት። ቀሪውን በ2ቢ አንድ ወጥ የጭረት ንብርብር ያልብሱ፣ 4ቢን ለፀጉር፣ ለአፍንጫ ቀዳዳና ለላይኛው የዓይን ቆብ መስመር ይቆጥቡ። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ለእነዚህ የሚተርፍ ጥቁረት አይኖርም።

8. ዓይን፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ፀጉር

የላይኛው የዓይን ቆብ መስመር ይወፍራል፣ ምክንያቱም ጥላ ይጥላል፤ የታችኛው ግን ለመታየት ያህል ብቻ ነው። የዓይኑ ጥቁር ክብ ሙሉ ሆኖ አይታይም፤ ጫፉን የላይኛው ቆብ ይቆርጠዋል። ሙሉ ክብ ከሠሩ ሰውየው የደነገጠ ይመስላል። የዓይኑ ነጭም ነጭ አይደለም፤ ከቆቡ ሥር ቀለል ያለ ጥላ ይፈልጋል።

አፍንጫን በሁለት ጎን መስመር አይከልሉት፤ ከሥሩ ያለው ጥላና ሁለቱ ቀዳዳዎች ይሠሩታል። በአፍ ላይ ዋናው መስመር ከንፈሮቹ የሚጋጠሙበት ነው፤ ሁለቱ ማዕዘኖች ይጥቆሩ፣ መሐሉ ይሳሳ። ሰውየው ጥርሱን ካሳየ በጥርሶቹ መካከል መስመር አያውርዱ።

ፀጉር በጅምላ ይጀመራል፤ ብርሃን ያለበትና ጥላ ያለበት ሁለት ክፍል። ለአፍሮ ዙሪያውን በተቆራረጠ አጭር ጥምዝ ጭረት ይሥሩ፣ ወጥ ክብ መስመር አያስፈልገውም። ለሹሩባ መጀመሪያ የራስ ቅሉ ላይ የሚታዩትን የመክፈያ መስመሮች ያውጡ፤ የጭንቅላቱን ክብነት ተከትለው ወደ ኋላ ይጠባሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ጀርባው ላይ ብርሃን፣ በመካከሉ ጥላ አለው። ግንባሩ አጠገብ ያሉትን ሦስት አራት ረድፎች ጉንጉናቸው እስኪታይ በዝርዝር ሠርተው ወደ ኋላ ያሉትን በመስመር ብቻ ይለፏቸው።

9. ማረምና ማቆም

ሥዕሉን ገልብጠው ይዩት፤ ወይም በመስታወት፤ ወይም በስልክ ፎቶ አንሥተው ወደ ጎን ያገላብጡት። የለመዱት ስሕተት ድንገት ይታያል፦ አንድ ዓይን የወረደ፣ አፍ ያዘመመ። የተሳሳተውን አካል በጥቂቱ ከመነካካት አጥፍቶ በትክክለኛው ቦታ እንደገና መሣል ይቀላል።

ላጲስ ከእርሳስ በላይ መሥራት ከጀመረ፣ ወይም ፊቱን ሳያዩ ወረቀቱን ብቻ እያዩ ጭረት ሲጨምሩ ራስዎን ካገኙ፣ ያቁሙ። ስምዎንና ቀኑን በኤችቢ ታች በኩል ይጻፉ። የእርሳስ ማድረቂያ ስፕሬይ (ግራፋይቱ እንዳይፋቅ የሚይዝ) ካለዎት ከቤት ውጭ፣ ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት፣ በስሱ ሁለት ጊዜ ይርጩ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አይድገሙ። በምትኩ የፀጉር ስፕሬይ የሚጠቀሙ አሉ፤ ወረቀቱን ውሎ አድሮ ሊያወይበው ይችላል። ምንም ስፕሬይ ከሌለ ንጹሕ ወረቀት ደርበው በሁለት ካርቶን መካከል ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡት፤ የተጠቀለለ ሥዕል በገዛ ራሱ ይፋቃል።